ጭር ሲል የሚበረታው የጆሮ ጩኸት እና በድምፅ የማስታገስ ሕክምናው

የቀኑ ሥራ ተጠናቅቆ፣ ከብቱ ገብቶ፣ የሠፈሩ እንቅስቃሴ ቆሞ ቤተሰቡ ሲተኛ ለብዙ ሰው የዕረፍት ሰዓት ይጀምራል። ለአንዳንዶች ግን ይህ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የከፋው ነው። ቀን በሥራ እና በጫጫታ ተውጦ የዋለው የጆሮ ውስጥ ድምፅ ጭር ሲል ጎልቶ ይወጣል። እንደ ፉጨት፣ እንደ ንብ ጥዝዝታ፣ እንደ ነፋስ ሽውታ ወይም ሊፈላ እንደተቃረበ ውሃ ሆኖ የሚሰማው ይህ ድምፅ ከጎን ለተኛው ሰው አይሰማም። በር እና መስኮት ቢዘጉ አይቀንስም፤ ጆሮን በጣት ቢደፍኑት ደግሞ ይብሳል።

ይህ ችግር በተለምዶ "የጆሮ ጩኸት"፣ በሕክምናው ዓለም ደግሞ "ቲኒተስ" ይባላል። እ.አ.አ በ2022 "ጃማ ኒውሮሎጂ" በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በተለያዩ ሀገራት የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳመላከተው በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች የጆሮ ጩኸት አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑት ጩኸቱ ኑሯቸውን በብርቱ የሚያውክ ችግር ነው።

የጆሮ ጩኸትን ከሥሩ እንደሚያጠፋ በጥናት የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ይሁን እንጂ ጩኸቱን ታግሶ ከመኖር ሌላ አማራጭ የለም ማለት አይደለም። ረዥም ዕድሜ ካላቸው እና ብዙ ወጪ ከማይጠይቁ የማስታገሻ መንገዶች አንዱ ድምፅን በድምፅ መሸፈን ነው። ዘዴው በአግባቡ ሲሠራበት እንቅልፍን ይመልሳል፤ ያለ እውቀት ሲሠራበት ግን የተጎዳውን ጆሮ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግ እና ከእርሱ በፊት ምን መቅደም እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል።

የጆሮ ጩኸት ምንድን ነው?

የጆሮ ጩኸት ከውጭ ምንም የድምፅ ምንጭ ሳይኖር በአንድ ወይም በሁለቱም ጆሮ፣ አንዳንድ ጊዜም በራስ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ጆሮ ሲጮህ "ሰው ስሜን እያነሳ ነው" ብሎ በቀልድ የሚያልፈው ብዙ ነው። ለጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ የሚጠፋ ጩኸት በእርግጥም ለአብዛኛው ሰው ያጋጥማል፤ የሚያሰጋም አይደለም። ድምፁ ለወራት ሲቀጥል ግን ቀልዱ ይቀርና ስጋት ይተካል። "አዕምሮዬ ሊታወክ ነው"፣ "መስማት ላቆም ነው"፣ "መንፈስ ነው" የሚሉ ሐሳቦች ይመጣሉ።

የጆሮ ጩኸት የአዕምሮ ሕመም ምልክት አይደለም። ድምፁ ቃል እና ትርጉም የለውም። የሰው ንግግር ወይም ትዕዛዝ የሚሰማቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ስለሆነ የአዕምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ጸጥታ ከጆሮ ጩኸት ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.አ.አ በ1953 ሄለር እና በርግማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች የመስማት ችግር የለብንም ያሉ 80 አዋቂዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ለደቂቃዎች አስቀምጠው የሚሰሙትን ጠየቋቸው። ከመቶ 94 የሚሆኑት እንደ ጥዝዝታ፣ ፉጨት እና የመሳሰሉትን ድምፆች እንደሰሙ ተናገሩ። የመስማት ሥርዓት ከውጭ ምንም ሳይመጣለት ሲቀር የራሱን ውስጣዊ እንቅስቃሴ ማድመጥ ይጀምራል። ይህ ግኝት ፍጹም ጸጥታ ለጆሮ ጩኸት ምቹ ቦታ መሆኑን አመላክቷል።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል በተጠቀለለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አዕምሮ የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ቁጥራቸው በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ነው። በከፍተኛ ድምፅ፣ በእርጅና፣ በኢንፌክሽን ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ሲጎዱ ተመልሰው አይበቅሉም።

አዕምሮ ከተጎዳው ክፍል የሚጠብቀው መልዕክት ሲቀንስበት የራሱን የመቀበል አቅም ከፍ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል። ነገሩ ከሞገድ ርቆ የሚገኝ ሰው ራዲዮን እንደሚያዳምጠው ነው። ጣቢያው አልሰማ ሲለው ድምፁን ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ከንግግሩ ጋር "ሽሽሽ" የሚለውም አብሮ ይጨምራል። የጆሮ ጩኸት ብዙውን ጊዜ ይህ አዕምሮ ያጎላው "ሽሽታ" ነው። ጩኸቱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የተወሰነ የመስማት መቀነስ አብሮ የሚገኝባቸውም ለዚህ ነው።

ለጉዳቱ ከሚያጋልጡ ነገሮች ቀዳሚው ከፍተኛ ድምፅ ነው። በወፍጮ ቤት፣ በመውቂያ ማሽን አጠገብ፣ በእንጨት እና በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ወይም በትላልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሥር ለዓመታት የሚውሉ ሰዎች ይጋለጣሉ። የተኩስ እና የፍንዳታ ድምፅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚያገኙባቸው ከአገልግሎት ጋር የተያያዙ የጤና ጉዳቶች ውስጥ በብዛት አንደኛው የጆሮ ጩኸት መሆኑ ይህንኑ ያሳያል።

ከእሳት ዳር እስከ ፏፏቴ

ድምፅን በድምፅ የመሸፈን ሐሳብ ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ያገለግል የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር እ.አ.አ በ1821 ባሳተመው የጆሮ ሕመሞች መጽሐፍ፣ የጆሮ ጩኸት ትልቁ ጉዳት እንቅልፍ መንሳቱ መሆኑን ገልጾ ነበር። መፍትሔ ያለውም በቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ጩኸቱ እንደሚንቦገቦግ እሳት ለሆነበት ሰው በእሳት ዳር መቀመጥን፣ እንደ ፉጨት ለሆነበት ደግሞ እየተንጣጣ የሚነድ እርጥብ እንጨትን መከረ። እንደ ደወል ለሚያቃጭልበት ሰው ከዕቃ ወደ መዳብ ሳፋ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ለሌሎችም የውሃ ወፍጮ አጠገብ መኖርን ጠቅሷል። በኢታር ሐሳብ ውስጥ የጆሮ ጩኸቱን የሚመስል የውጭ ድምፅ ሲኖር ጆሮ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል።

ሐሳቡ ወደ መሣሪያነት የተቀየረው ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ነው። በ1970ዎቹ ቻርልስ ዩኒስ የተባለ፣ ራሱ የጆሮ ጩኸት ያለበት የካሊፎርኒያ ሐኪም ተመራማሪውን ጃክ ቨርነንን ለማማከር ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሄደ። ሁለቱ በከተማዋ በእግር ሲጓዙ አንድ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አጠገብ ደረሱ። ዩኒስ ከፏፏቴው መራቅ አልፈለገም፤ ውሃው በሚወርድበት ቦታ ሲቆም የጆሮው ጩኸት ጠፍቶለት ነበርና። ቨርነን ከዚህ በመነሣት እንደ ፏፏቴ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ በጆሮ ላይ እንዲደረግ ሠራ። በድምፅ የመሸፈን ሕክምና በዘመናዊ መልኩ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሽፋኑ እንዴት ይሠራል?

ከዋክብት በቀንም ሰማይ ላይ ናቸው፤ የማይታዩት የፀሐይ ብርሃን ስለሚውጣቸው ነው። የጆሮ ጩኸትም እንዲሁ ነው። ጭር ባለ ሌሊት ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሊጠፋ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ጩኸቱ አልዳነም፤ በእርሱ እና በአካባቢው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጠቧል።

ሽፋኑ በሁለት መንገድ ይደረጋል። የመጀመሪያው ሙሉ ሽፋን ሲሆን የውጭው ድምፅ ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ፈጣን ዕረፍት ይሰጣል፤ አንዳንድ ሰዎች ላይም ድምፁ ከቆመ በኋላ ጩኸቱ ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ቀንሶ ይቆያል። ነገር ግን ድምፁ ሲጠፋ ጩኸቱ ይመለሳል። ጩኸቱ ከፍተኛ ለሆነበት ሰው ደግሞ ለመሸፈን የሚያስፈልገው ድምፅ ራሱ የሚረብሽ ይሆናል።

ሁለተኛው ከፊል ሽፋን ነው። በዚህ መንገድ የሚጨመረው ድምፅ ከጩኸቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሁለቱንም ይሰማል። ይህ ስልት የተስፋፋው ፓወል ጃስትረቦፍ የተባለው ተመራማሪ እ.አ.አ በ1990 ካቀረበው ማብራሪያ በኋላ ነው። በእርሱ አመለካከት ሰውን የሚያሰቃየው የድምፁ ከፍታ ብቻ ሳይሆን አዕምሮ ለድምፁ የሰጠው ትርጉም ነው። አዕምሮ ድምፁን እንደ አደጋ ምልክት ከያዘው ይከታተለዋል፣ ይጨነቅበታል፣ እንቅልፍም ያጣበታል፤ ጭንቀቱ እና የእንቅልፍ እጦቱ ደግሞ መልሰው ጩኸቱን ያጎሉታል።

የግቢ ውሻ እንግዳ ሰው ሲመጣ ይጮሃል፤ በየዕለቱ የሚመላለሰውን ጎረቤት ግን ጥቂት ቀን ጮሆበት ይተወዋል። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የውሃውን ድምፅ፣ በአስፋልት ዳር የሚኖርም የመኪናውን ድምፅ ከጊዜ በኋላ አይሰማውም። ጆሮው ግን መስማቱን አላቆመም። አዕምሮው "ይህ አያሰጋም" ብሎ አልፎታል። የከፊል ሽፋን ዓላማ አዕምሮን በዚሁ መንገድ ማልመድ ነው። ለመላመድ ደግሞ ጩኸቱ በጥቂቱ መሰማት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነን ድምፅ አዕምሮ ሊለምደው አይችልም። ጃስትረቦፍ ያዘጋጀው ሕክምና ዝቅተኛ ድምፅን ከተከታታይ የምክር አገልግሎት ጋር የሚያጣምር ሲሆን ከ12 እስከ 18 ወራት እና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ዘዴው በብዙ ሀገራት ቢሠራበትም ጥናቶች የሚሰጡት ምስክርነት ጥንቃቄ ያለው ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.አ.አ በ2018 በ590 ሰዎች ላይ የተሠሩ ስምንት ጥናቶችን መርምሯል። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ወይም ድምፅ አመንጪ መሣሪያ የተጠቀሙ ሰዎች ሕመማቸው እንደቀነሰላቸው ታይቷል። ሆኖም አንዱ መሣሪያ ከሌላው እንደሚበልጥም ሆነ መሻሻሉ በእርግጥ በመሣሪያው ምክንያት እንደመጣ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

እ.አ.አ በ2019 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የበለጠ አስተማሪ ነው። ከአሜሪካ ጦር ጋር ግንኙነት ያላቸው 151 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ምክር እና ትክክለኛ ድምፅ አመንጪ መሣሪያ፣ ሁለተኛው ምክር እና ለማስመሰል የተሰጠ መሣሪያ፣ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ከ18 ወራት በኋላ ሦስቱም ቡድኖች ተሻሽለው ተገኙ፤ በመካከላቸው የታየው ልዩነት ግን ትንሽ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ድምፁ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ድምፅ አጋዥ ነው፤ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ሰውየው ስለ ችግሩ ትክክለኛውን ነገር መረዳቱ፣ ፍርሃቱ መቀነሱ እና ክትትል ማግኘቱ ነው። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.አ.አ በ2014 ባወጣው መመሪያ የድምፅ ሕክምናን በአማራጭነት አስቀምጦታል። የመከረው ግን ለታካሚው ግልጽ ማብራሪያ መስጠትን፣ የመስማት ችግር ላለበት ሰው የመስሚያ መርጃ መሣሪያን እና አስተሳሰብን እና ልማድን ለማስተካከል የሚሰጠውን የንግግር ሕክምና ነው። ይህ የንግግር ሕክምና ጩኸቱን ባያጠፋውም በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ሊቀንስ እንደሚችል ኮክሬን እ.አ.አ በ2020 ከ28 ጥናቶች የደረሰበት መደምደሚያ ያሳያል።

ስለዚህ "ጩኸቱን በጥቂት ቀናት አጠፋለሁ" ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ መሣሪያ፣ ጠብታ ወይም እንክብል ሲቀርብ መጠራጠር ተገቢ ነው። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ ለጆሮ ጩኸት ተብለው የሚሸጡትን የጊንኮ ቅጠል፣ የዚንክ እና የሜላቶኒን ውጤቶችም አይመክርም።

ከድምፁ በፊት ምርመራ

የጆሮ ጩኸት ምልክት እንጂ በራሱ አንድ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ከመሸፈኑ በፊት ምክንያቱ መታየት አለበት። አንዳንዱ ምክንያት በቀላሉ የሚስተካከል ነው። የጆሮ ኩክ ተጠራቅሞ ቀዳዳውን ሲደፍን ጆሮ ሊጮህ ይችላል፤ በጤና ተቋም ሲጸዳ ጩኸቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን እና የታምቡር መቀደድም ሕክምና አላቸው።

መድኃኒቶችም ሊታሰቡ ይገባል። እንደ ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን እና ካናማይሲን ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን እና በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም ጆሮን ያስጮሃሉ፤ የእነዚህ ጩኸት ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይቀንሳል። መድኃኒት እየወሰደ ጆሮው መጮህ የጀመረ ሰው ለሐኪሙ ወዲያውኑ መናገር አለበት። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን፣ በተለይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን፣ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ድምፅ እየከፈቱ መቆየት አይገባም፤ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

• በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ እና የማያቋርጥ ጩኸት
• ከልብ ምት ጋር እኩል "ዱብ ዱብ" የሚል ድምፅ፤ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ ወይም የደም ሥር ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል
• በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ የመስማት መቀነስ፤ ሕክምናው ፈጥኖ ሲጀመር የመዳን ዕድሉ የተሻለ ስለሆነ በዚያው ዕለት መሄድ ይገባል
• ከባድ ማዞር፣ የፊት መጣመም ወይም የሰውነት ክፍል መዛል
• ከጆሮ የሚወጣ መግል ወይም ደም፣ በራስ ላይ ከደረሰ ጉዳት በኋላ የጀመረ ጩኸት
• ከጩኸቱ የተነሣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ

መጀመሪያ የሚሄዱበት ቦታ በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። ጆሮው ከታየ በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ የመስማት ምርመራ እና የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል በሪፈር ይላካል። የመስማት መቀነስ ከተገኘ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ንግግርን ያሰማል፣ የአካባቢን ድምፅ ከፍ በማድረግም ጩኸቱን ያደበዝዛል።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራበታል?

ምርመራው አሳሳቢ ነገር ካላሳየ ዘዴውን በቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። ለዚህ ልዩ መሣሪያ የግድ አይደለም። በእጅ የሚሽከረከር ራዲዮን በሁለት ጣቢያዎች መካከል አድርጎ የሚሰማውን "ሽሽታ" ዝቅ አድርጎ መክፈት አንዱ መንገድ ነው። የዝናብ፣ የወንዝ ወይም የነፋስ ድምፅ የተቀዳበት ስልክ፣ ማራገቢያ፣ በመስኮት የሚገባ የውጭ ድምፅም ያገለግላሉ። መብራት በሌለበት ቤት ደግሞ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጀሪካን ወደ ሳፋ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ኢታር ከ200 ዓመት በፊት የመከረውን ሥራ ዛሬም ይሠራል። እሳትን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ እሳት ወይም ከሰል አንድዶ መተኛት በጭሱ እና በመርዛማ ጋዙ ለሞት ይዳርጋል።

የድምፁ ዓይነት ቃል የሌለው፣ የማይቀያየር እና ለሰሚው ደስ የሚል ቢሆን ይመረጣል። ዜና፣ ጨዋታ ወይም ድራማ ጆሮን ስለሚስብ ለመተኛት አይረዳም።

መጠኑ ዋናው ጉዳይ ነው። የተጨመረው ድምፅ ከጆሮው ጩኸት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ጩኸቱ ከሥሩ በጥቂቱ ይሰማል። ድምፁ ተከፍቶ እያለ ሁለት ሰዎች ሳይጮኹ መነጋገር ካልቻሉ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ጩኸቱን ለመዋጥ ሲባል በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መሄድ የተለመደ ስህተት ሲሆን ለችግሩ መነሻ የሆነውን ጉዳት ያባብሳል። በተለይ ማዳመጫን ጆሮ ውስጥ ከትቶ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ባለ ድምፅ መተኛት አይገባም። ድምፁ ከራስጌ ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ፣ በስልኩ ወይም በራዲዮው ድምፅ ማጉያ ቢሰማ ይሻላል።

ሌሊት እየነቁ መልሶ መተኛት የሚያቅታቸው ሰዎች ድምፁን ዝቅ አድርገው እስከ ንጋት ሊተዉት ይችላሉ። ቀንም ቢሆን ፍጹም ጸጥታ ያለበት ቦታ ለብቻ አለመቀመጥ ይረዳል። አንዳንዶች ድምፅ እንዳይጎዳቸው በመስጋት ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍናሉ፤ ይህ ግን ጆሮን ወደ ጸጥታ ስለሚመልሰው ጩኸቱን ያጎላዋል። ጆሮ መሸፈን ያለበት ከፍተኛ ድምፅ ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ውጤቱ በሳምንታት እና በወራት ይለካል። መሻሻሉን ለማወቅ "ጩኸቱ ጠፋ ወይ?" ብሎ በየሰዓቱ ማድመጥ አይጠቅምም፤ ማድመጡ ራሱ አዕምሮን ወደ ድምፁ ይመልሰዋል። የተሻለው መለኪያ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ሥራው እንዴት እንደተከናወነ እና ጩኸቱ ሳይታሰብ ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ማየት ነው።

የቀረውን ጆሮ መጠበቅ

ጆሮው የጮኸበት ሰው ከሁሉ በፊት መተው ያለበት ነገር ጆሮን በክብሪት እንጨት፣ በላባ ወይም በቁልፍ መጎርጎርን እና ላምባ፣ የጋለ ዘይት ወይም ያልታወቀ ጭማቂ መጨመርን ነው። ጩኸቱ የሚመነጨው ከውስጠኛው ጆሮ እና ከአዕምሮ ስለሆነ ከውጭ የሚፈስ ነገር አይደርስበትም፤ ታምቡርን ግን ሊቀድድ ወይም ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛው ከፍተኛ ድምፅን መቀነስ ነው። በሥራ ቦታ በቀን ለ8 ሰዓት በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ መቆየት እንደ መጨረሻ ገደብ ይወሰዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። መለኪያ ለሌለው ሰው ቀላል ምልክት አለ። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ቦታው ለጆሮ አደገኛ ነው። በወፍጮ ቤት እና በመውቂያ ማሽን አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች የጆሮ መከላከያ ቢያደርጉ፣ ቢፈራረቁ እና በየመሐሉ ከማሽኑ ርቀው ቢያርፉ ጆሯቸውን ይጠብቃሉ። ተራው እስኪደርስ ወፍጮ ቤት ውስጥ ልጅ አዝሎ መጠበቅም ቢቀር ይመረጣል፤ ከቤቱ ውጭ መቆየት የሕፃኑን ጆሮ ከጉዳት ያድናል።

የጆሮ ጩኸት ያለበትን ሰው በማገዝ ረገድ ቤተሰብም ድርሻ አለው። ድምፁ ለሌላው ስለማይሰማ "ምንም የለብህም"፣ "ሐሳብ ነው" ማለት ይቀላል። ታማሚው ግን በእርግጥ ይሰማዋል። የሚናገረውን አምኖ መቀበል፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ እና ሌሊት ዝቅ ብሎ ለሚከፈተው ራዲዮ ወይም ለሚንጠባጠበው ውሃ መታገስ የሕክምናው አካል ነው።